ጭራቁን ማን ይጫወት?

«አባዬ፣ አንተ ለምንድን ነው ከነሱ ጋር የሆንከው?»

ይህን የጠየቀችኝ የስድስት ዓመቷ ልጄ ናት፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «እነሱ» ያለችው ጭራቆቹን ነው። በዚያ ምሽት ሂሮ ኩዌስትን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ተጫውተን ነበር።

ሂሮ ኩዌስት በ1989 የወጣ፣ በ2021 ደግሞ እንደገና የታተመ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። አራት ጀግኖች ከመሬት በታች ወዳለ ጨለማ ይገባሉ፤ በር ይከፍታሉ፣ ሣጥን ይበረብራሉ፣ ያጋጠማቸውን ጭራቅ ይዋጋሉ። አንድ ተጫዋች ግን ከጀግኖቹ ወገን አይሆንም። ካርታውን በካርቶን ከልሎ ይይዝና ጭራቆቹን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ሕጉን ያነበብኩት እኔ ስለነበርኩ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ትንሿ የመረጠችው ድንኩን ነው። እሱም እንደሷ አጭር ነው ብላ። መጨረሻ ላይ ነፍሱ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ሳለ ኦርክ የሚባለው አረንጓዴ ጭራቄ ደረሰባት። ሦስት ዳይስ ጣልኩ፤ ሁለቱ ላይ የራስ ቅል ወጣ፣ መታኋት ማለት ነው። እሷም የመከላከያዋን ሁለት ዳይስ ጣለች። «ጋሻ! ጋሻ ወጣልኝ!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። የወጣላት ጥቁሩ ጋሻ ነበር። ጀግና የሚድነው በነጩ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ የጭራቆቹ ነው። ይህን የነገራት ወንድሟ ነው። አላለቀሰችም። ድንኩን ከሰሌዳው ላይ አንስታ በጡጫዋ ጨበጠችውና ዝም አለች።

ጨዋታውን አልወቅስም። ሣጥኑ ላይ ከ14 ዓመት በላይ ይላል፤ አይቼዋለሁ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በደንብ ስለገባው እሷም ትከተለዋለች ብዬ ገመትኩ። ሳስብ የነበረው ሕጉ ይከብዳታል ወይስ አይከብዳትም የሚለውን ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ አባቷ በየትኛው በኩል እንደሚቆም አላሰብኩም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ላሊበላ ትዝ አለኝ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውን የጨለማ መተላለፊያ የገባ ሰው ያውቀዋል። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። መብራት አይበራም፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የሚያልፉት። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከፊቴ እናቴ ነበረች፤ ነጠላዋን አስይዛኝ «አትልቀቅ፣ እኔም አላይም» ትለኛለች። እስካሁን የማስታውሰው ጨለማውን ሳይሆን «እኔም አላይም» ያለችኝን ነው።

ስለዚህ ፍለጋዬን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ደንጀን የሚባለውን የ1975ቱን ጨዋታ አየሁ። ቀላል ነው፣ በሁለት ዳይስ የሚያልቅ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ሀብት የሚሽቀዳደምበት ነው። ወንድምና እህት ያለ ጨዋታም ይሽቀዳደማሉ። የሂሮ ኩዌስትን ጭራቆች የሚያንቀሳቅስ የስልክ መተግበሪያም አለ፤ አባት ከልጆቹ ወገን ሊቆም ይችላል ማለት ነው። እሱን ያልፈለግኩት ጠረጴዛው ላይ ስልክ እንዲቀመጥ ስላልወደድኩ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛው ጋ ናት። ትልቁ ልጄ ቡና እየተጠጣ እያለ ሮጦ መጣና «እማማ፣ እኔ ጠንቋዩ ነኝ!» አላት። ስኒዋን አስቀምጣ አማተበች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ምን እያስተማርካቸው ነው ልጄ?» አለችኝ። ልጁ ያለው በእንግሊዝኛ የሚያውቀውን ባለ ረጅም ባርኔጣ ሽማግሌ ነው፤ እሷ የሰማችው ሰው ቤት የሚያፈርሰውን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያ ሰውዬ «ጠቢቡ» ነው የሚባለው። ከጭራቆቹ መካከል ያሉትን አጽሞች ግን በምንም ስም ብጠራቸው አልወደደቻቸውም፤ እኔም አልተከራከርኳትም።

በመጨረሻ የመረጥኩት በ2012 የወጣውን ማይስ ኤንድ ሚስቲክስን ነው። ለንጉሡ ታማኝ የሆኑ ሰዎች ይታሰሩና ለማምለጥ ሲሉ ወደ አይጥነት ይለወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያው የለመዱት ቤተ መንግሥት ጨለማ ዋሻ ይሆንባቸዋል፤ በረሮው ጭራቅ፣ ሸረሪቷ ዘንዶ። ጭራቆቹን የሚመራ ሰው የለም፤ ሁሉም ተጫዋች አንድ ወገን ነው። ነጥቧ ያለቀባት አይጥ አትሞትም፣ ትማረካለች። የቀሩት ክፍሉን ከጠላት ካጸዱ ትመለሳለች። ይህን ሳነብ ሌላውን ሁሉ መመልከት ተውኩ።

ጉድለት የለውም አልልም። የሕጉ መጽሐፍ የተዘበራረቀ ነው፤ የፈለጉትን ነገር በሌላ ገጽ ነው የሚያገኙት። ሣጥኑ ዘጠና ደቂቃ ይላል፣ እኛ ግን አንዱን ምዕራፍ ለሁለት ምሽት ከፍለነዋል፤ ጠረጴዛውን እንዳለ በጨርቅ ሸፍነን አደርን። ታሪኩን በእንግሊዝኛ አነብና በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። «ተረት ተረት» ብዬ ስጀምር «የላም በረት» ብላ የመለሰችው እናቴ ናት። ስለ እስረኞቹ ስትሰማ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች። ልጆቹ ዳዋ ምንድን ነው አሉ፤ ጨዋታው ቆመና ስለ አረም፣ ስለ ጎተራ፣ እናቴ በልጅነቷ አይጥ ስለምታባርርበት ዱላ ግማሽ ሰዓት ተወራ።

ዛሬ አራት ሆነን ተጫወትን። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ናት። ልዑሉን ኮሊንን ለእናቴ ሰጠናት፤ ትልቁ ጠቢቡን ያዘ፣ እኔ ብረት ቀጥቃጩን ኔዝን፣ ትንሿ ሐኪሟን ቲልዳን። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቲልዳ ተማረከች። ልጄ አይጧን አንስታ እንደዚያን ቀን በጡጫዋ ጨበጠችና ወደኔ አየች።

«አባዬ፣ አንተ ታስፈታታለህ?»

«ሁላችንም ነን።»

ተራው የእናቴ ነበር። ዳይሶቹን በሁለት እጇ አፍሳ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ጣለቻቸው። አንዱ ተንከባሎ ስኒው ሥር ገባ። ዳይሱ ላይ የአይብ ሥዕል የወጣለት ተጫዋች አይቡን ያጠራቅመዋል፣ ለአይጧ ልዩ ችሎታ ይሆናታል። ትንሿ ወንበሯ ላይ ቆማ፣ ጡጫዋን ሳትፈታ፣ በሌላ እጇ ስኒውን አነሣች።

«አይብ ነው፣ እማማ!»