አጣዬ ላይ መውረድ ይጀመራል

ባለ አንድ ሞተርና ባለ ፕሮፔለር ከሆነው ካራቫን አውሮፕላን ባለ ሁለት ሞተር ወደሆነው ትንሽ ጄት፣ ወደ ሳይቴሽን ኤም2 ከተዛወርኩ ወዲህ የሰሜን ሸዋ ካርታ ጭንቅላቴ ውስጥ ተለዋውጧል። ካራቫን ሳበር አገሬን የማውቃት በዓይኔ ነበር፤ በመንዝ የድንጋይ ካቦች፣ በጣርማ በር ጉም፣ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ በተደረደሩ ጎጆዎች። አሁን አጣዬ ማለት የሞተሮቹን ጉልበት ቀንሼ ወደ ቦሌ ቁልቁል የምጀምርበት ቦታ ነው። የትውልድ አገሩን እንዲህ በነጥብ የሚያስብ ሰው ድሮ ቢያጋጥመኝ አዝንለት ነበር።

ስሌቱ ግን አይዋሽም። 41,000 ጫማ ላይ ነኝ እንበል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ያህል ስለሆነ የምወርደው ከ33,000 ጫማ በላይ ነው። ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ሦስት የባሕር ማይል እንይዛለን፤ ይህ ብቻውን 100 ማይል ይሆናል። ፍጥነት ለመቀነስ የሚያስፈልገው ጥቂት ማይል ሲጨመርበት፣ ከሰሜን ምሥራቅ ለሚመጣ አብራሪ ነጥቡ አጣዬ አካባቢ ያርፋል። በካራቫን ቢሆን ኖሮ ደብረ ብርሃንን አልፌም ስለ መውረድ ገና አላስብም ነበር።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ የፕሮፔለር አለመኖር ነው። ካራቫን ጉልበት ሲቀነስበት ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ፕሮፔለር አየሩን ይገታል፤ አውሮፕላኑም ወዲያው ዝግ ይላል። ዘግይቶ ያሰበን አብራሪ ይታገሣል። ጄቱ አይታገሥም። ጉልበቱን ቢነሡትም ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ ጋሪ መሄዱን ይቀጥላል። መውረድና ፍጥነት መቀነስ በአንድ ጊዜ አይሆኑለትም፤ አንዱን ማስቀደም ግድ ነው። እርግጥ ክንፉ ላይ የሚነሡ የፍጥነት መግቻዎች አሉት። እነሱን ደጋግሞ የሚያነሣ አብራሪ ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት ማሰብ የነበረበትን ያላሰበ ነው ባይ ነኝ።

«ጄት ሲሆን እጅ መፍጠን አለበት አይደል?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። እጅማ ሥራው ቀንሷል፤ አብዛኛውን አውቶፓይለቱ ይሠራዋል። የፈጠነው ውሳኔ የሚፈለግበት ሰዓት ነው። አውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅበትን የደብረ ብርሃን መንገድ፣ 400 ኖት (በሰዓት 400 የባሕር ማይል) በሚጠጋ ፍጥነት የሚያቋርጥ አውሮፕላን አሥር ደቂቃ አይሞላበትም።

ሌላው ያልለቀቀኝ የአንድ ሞተር ልማድ ነው። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የሚያበር ሰው፣ ሞተሩ አሁን ቢጠፋ የት አርፋለሁ የሚለውን ሳያሰላ አንድ ኮረብታ አያልፍም። ሰሜን ሸዋን ለዓመታት ያየኋት በዚህ ዓይን ነው። ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ደግ ነው፤ ማሳው ሰፊ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ጣርማ በር ሲደረስ ግን ምድር በድንገት ትከዳለች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አፋፍ ተነሥታ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ታሽቆለቁላለች፤ መሐሉ ገደልና ጥምዝምዝ ነው። እዚያ ስደርስ ማንም ሳያዘኝ ከፍታ እጨምር ነበር።

አሜሪካ ዊቺታ በሲሙሌተር፣ በረራን በሚያስመስል መሣሪያ፣ ስሠለጥን መፈታት የነበረበት ይህ ልማድ ነው። በጄት አነሣሥ ላይ ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ። ከእሱ በፊት ሞተር ከጠፋ ይቆማል፤ ከእሱ በኋላ ከጠፋ ግን ተነሥቶ በቀረው ሞተር ይወጣል። ማሳ ፍለጋ ወደ ታች ማየት የለም። ውሳኔው የሚወሰነው መንገደኛው ሳይሳፈር ወረቀት ላይ ነው፤ ክብደቱ፣ ሙቀቱ፣ የመንደርደሪያው ርዝመት፣ በአንድ ሞተር ሊወጣ የሚችለው ከፍታ ሁሉ ተሰልቶ። ቦሌን በመሰለ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት መሬት ላይ አብዝቶ መሮጥ አለበት። ሞቅ ያለ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ነዳጅ መቀነስ ወይም ሻንጣ መተው ሊመጣ ይችላል። ይህን «ጄት አይደል እንዴ?» ለሚል ባለ ገንዘብ ማስረዳት ከሲሙሌተሩ ፈተና ይብሳል። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ደግሞ አስተናጋጅ የለም፤ በሩን የምንዘጋው፣ ስለ ቀበቶ የምንናገረው፣ ሻንጣ መዝነን የምንጭነው እኔና ረዳት አብራሪዬ ነን። ክርክሩም ለእኛው ነው።

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ሄጄ እናቴ «እዚያ ላይ አየር አያጥርህም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ። 41,000 ጫማ ላይ ሆነን የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር 8,000 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይጨመቃል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ9,000 ጫማ በላይ ማለት ነው።

«እማዬ፣ አየሩስ የሚያጥረው እዚህ አንቺ ቤት ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ወዲያው መሐል ሜዳ ላለችው አክስቴ ደውላ «ልጁ ሰማዩ ከእኛ በታች ነው ይላል» አለቻት። መሐል ሜዳ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ስለሚል አክስቴን ማሳመን ጭራሽ አልሞከርኩም።

ለእናቴ ያልነገርኳት፣ ያ የተጨመቀ አየር በዚያ ከፍታ ድንገት ቢያመልጥ ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ለ15 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን ነው። ካራቫን አየር አይጨመቅበትም፤ ዝቅ ብለን ስለምንበር እንዲህ ያለ ጥድፊያ አላውቅም ነበር። አሁን ቅደም ተከተሉን በቃል ይዤዋለሁ፦ መጀመሪያ የኦክስጅን ጭንብል፣ ቀጥሎ ከረዳት አብራሪው ጋር መደማመጥ፣ ከዚያ ጉልበት ነሥቶ፣ መግቻ አንሥቶ ቁልቁል። በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ ጓሮ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ወደሌለ ጭንብል እየሰደድኩ እለማመዳለሁ። ጎረቤት በአጥር አይቶ ምን እንዳለ እናቴ እስካሁን አልነገረችኝም።

ክረምቱ እየመጣ ነው። ጄት ከዝናብ በላይ ያልፋል የሚባለው ለተራ ደመና እውነት ነው። ሐምሌ ከሰዓት በኋላ በሸዋ ተራሮች ላይ የሚቆመው የነጎድጓድ ደመና ግን ከ41,000 ጫማም ሊበልጥ ይችላል። በካራቫን ከደመና በታች ሆኜ፣ ብርሃን የሚታይበትን ሸለቆ መርጬ እሄድ ነበር። አሁን ከሩቅ ራዳሩ ላይ ከባድ ዝናብን የሚያሳየው ቀይ እንደታየ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ወገን፣ በሰፊው መዞር ነው የሚሻለው። ለመዞሪያው የሚሆን ነዳጅ ከመነሣታችን በፊት ካልተጫነ ምርጫ የለም። ስለዚህ ለሐምሌና ለነሐሴ በረራዎች ሻንጣ ቀንሱ እያልኩ ከአሁኑ መጣላት ጀምሬያለሁ።