ስሙ ሲጠፋሽ ምን ትያለሽ?

የእህቴ ልጅ ባሏ ያለው አሜሪካ ነው። ፕሮሰሷ እስኪያልቅ ባሕር ዳር ሆና እንግሊዝኛ ታጠናለች። ለዕረፍት ስሄድ "እቴቴ፣ እስኪ አስጠኚኝ" ብላ ያዘችኝ።

ደብተሯ በመሐል ተሰምሯል። ግራው እንግሊዝኛ፣ ቀኙ አማርኛ። እኛም ዘጠነኛ ክፍል ገብተን ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆንብን እንዲሁ ነበር የምንሸመድደው። ለፈተና አይከፋም። ሰው አገር ግን ቃሉ የሚጠፋሽ ሰው ፊት ቆመሽ ነው።

አረጋውያን መንከባከቢያ ስሠራ አንድ ማታ ኮሪደሩ ላይ ውሃ ፈሰሰ። የመወልወያው ስም ጠፋኝ። አለቃዬን "ሎንግ ስቲክ፣ ፎር ዌት ፍሎር" አልኳት። ይዛልኝ መጣች። ሰዋስው የለው፣ ምን የለው፣ ሥራው ግን ተሠራ።

ለእንግሊዝኛ ተማሪ የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላትም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ቃሉን በቀላል እንግሊዝኛ ያስረዳል። ሎንግማን የሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው መዝገበ ቃላት ትርጉሞቹን የጻፈው ወደ 2,000 በሚሆኑ የተለመዱ ቃላት ነው። ከባዱን ቃል ፍለጋ ገብተሽ ሌላ ከባድ ቃል ላይ አትወድቂም። እነዚያኑ ቀላል ቃላት ደጋግመሽ ስታነቢያቸው ደግሞ አፍሽ ላይ ይቀራሉ። እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

ከሰዓት ከሰዓት ጣና ዳር እየወጣን ጨዋታ ጀመርን። የምታይውን ስሙን ሳትጠሪ አስረጂ። ታንኳ አለፈ። "ስሞል ቦት" አለች። ሞተር ያለውም ጀልባ ትንሽ ነው፣ ጨምሪ አልኳት። "ሜድ ኦፍ ቶል ግራስ። ዘ ግራስ ግሮውስ ኢን ዎተር።" ደንገሉንም አብራ ገለጸችው! ፔሊካን ስታይ "ቢግ በርድ፣ ባግ አንደር ማውዝ" ብላ ራሷ ሳቀች።

ቱሪስት ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ሰምቶን ገባበት። "ኦልድ ቤል። ኖት አይረን። ስቶን።" የገዳማቱን የድንጋይ ደወል ማለቱ ነው። ይሄ ልጅ ደብተር የያዘ አይመስለኝም፣ ግን በለጣት። እሷም እልህ ያዛት።

አማርኛውን ጨርሰሽ ተዪው ግን አላልኳትም። ጉበትንና ኩላሊትን በእንግሊዝኛ ሲያብራሩ መዋል ጊዜ ማባከን ነው። እነሱን በአማርኛው ያዢ፣ ሐኪም ቤት ስትገቢ ይፈለጋሉ አልኳት።

አሁን በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። ትናንት "ሬድ ፓውደር፣ ቬሪ ሆት" አለችኝ። በርበሬ ነው ወይስ ሚጥሚጣ? ጨምሪ ብዬ መለስኩላት።