ኢንጂነሩ ቃለ ጉባኤ ያዥ

«እዚያማ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ነው፤ ፕሮጀክት ማናጀር መሆን ምን ይከብዳል?» ከምሠራበት ከጀርመን ለእረፍት ኮምቦልቻ ገብቼ ቡና ላይ እንደተቀመጥን አንዱ ጓደኛዬ ነው እንዲህ ያለው። ሌላው ቀጠለ፤ «ፒኤምፒ፣ ያንን የፕሮጀክት ማናጀር ሰርተፊኬት፣ ከያዝኩ ጀርመን በቀጥታ ይወስዱኛል አይደል?» መልሱን ይዘው ነው የሚጠይቁት።

ከሰዓቱ ልጀምር። የበርሊን አዲሱ አየር ማረፊያ በፈረንጆች ጁን 3 ቀን 2012 ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው ተሰረዘ። የእሳት አደጋ መከላከያው፣ በተለይ ጭስ የሚያስወጣው ሲስተም፣ አልሠራ ብሎ ነው። የተከፈተው ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። ሐዲዱን እያየ ባቡር ሲጠብቅ ለኖረ የኮምቦልቻ ሰው ይህን መስማት ትንሽ ያጽናናል። አንድ ልዩነት ግን አለ። የበርሊን ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ማን መቼ ምን ያውቅ ነበር እያለ ዓመታት ሙሉ ወረቀት አገላበጠ። የሚገላበጥ ወረቀት ነበራ!

እኔንም ያዋረደኝ፣ ኋላም ያስከበረኝ ወረቀት ነው።

ኮምቦልቻ ሳይት ላይ ሳለሁ ዘበኛውም ባለ ሱቋም «ኢንጂነር» ነበር የሚሉኝ። ጀርመን ይህ ማዕረግ በሕግ የተጠበቀ ነው። ዲግሪህ እውቅና ሳያገኝ ቢዝነስ ካርድህ ላይ ብታሳትመው ያስቀጣሃል። እሺ፣ ማዕረጉ ይቅር አልኩ። አሮጌ ትምህርት ቤት በሚያድስ ድርጅት ተቀጥሬ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። ሰብሳቢው በዕድሜ ታናሼ ነው። ቡናውን ራሱ ቀድቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቃለ ጉባኤ አንተ ትይዛለህ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ትናንት የተቀጠረ ልጅ ነው፤ ኢንጂነር ይናገራል እንጂ ይጽፋል እንዴ? በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ጻፍኩ። በቀይ ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ። (በነሱ ሰዋስው ጠረጴዛ ወንድ ነው፤ ልጃገረድ ግን ሴት አይደለችም። ከዚህ ሕዝብ ጋር ምን ትከራከራለህ?) ለእናቴ በስልክ «ጸሐፊ አደረጉኝ» ማለት አቃተኝ። ዝም ብዬ «አልሐምዱሊላህ፣ ሥራው ጥሩ ነው» አልኳት።

አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጩ ተነሳ። «ግድግዳው መቼ እንደሚደፈን ማን ነገረኝ? አፍርሼ ኬብል ለማስገባት ተጨማሪ ክፍያ እፈልጋለሁ» አለ። ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አላደረገም። የኔን ወረቀት ገልጦ ውሳኔውን፣ የሰውየውን ስም፣ ቀኑን አነበበ። ያኔውኑ ተልኮለት ነበር፤ አልተቃወመም። ክርክሩ እዚያው አበቃ። እኔ ግን ስብሰባው እስኪያልቅ ያንን ወረቀት ነበር የማየው።

ያኔ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን ቅሬ፣ የቀብር እድራችን፣ ነው። ማን ቀብር እንደቀረ፣ ማን ስንት እንደተቀጣ በደብተር ሰፍሯል። ሀብታምም ቢሆን ያንን ደብተር አይከራከርም። ለለቅሶ የምናውቀውን ለሚሊዮን ብር ግንባታ ለምን እንደምንረሳው እንጃ። በእኛ ስብሰባ መጨረሻ «የሚመለከተው አካል ክትትል ያድርግ» ይባልና በጭብጨባ ይበተናል። ያ አካል ደግሞ እስካሁን ስብሰባ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ጓዶች፣ ሳይት ላይ ያላችሁ ቃለ ጉባኤውን ቀምታችሁ ያዙ። ለአንድ ሥራ የአንድ ሰው ስም ጻፉ፤ ሁለት ከሆነ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ቀን ይኑረው። በዕለቱ ላኩት። ቀጣዩን ስብሰባ ካለፈው ያልተሠራውን በማንበብ ጀምሩ። መጀመሪያ ሰው ይጠላችኋል፣ አብሽሩ። መዘግየትንም ቀድማችሁ ተናገሩ። ቀድሞ የተናገረም መወቀሱ አይቀርም፤ ዘግይቶ የተናገረ ግን ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም።

ፒኤምፒውስ? ጥሩ ነው፣ ተማሩት። የ35 ሰዓት ሥልጠናና የ180 ጥያቄ ፈተና ጭንቅላት ያስተካክላል። ግን እኔን ቀጣሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ቋንቋዬን ነው፤ ከዚያ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን። የእኛ ደብዳቤ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርተዋል፣ ደሞዛቸው ይህን ያህል ነበር፣ የሥራ ግብር ከፍለዋል፣ አለቀ። ጀርመኖቹ ምን እንደሠራህ፣ እንዴት እንደሠራህ፣ ስንት ሰው እንደመራህ ተዘርዝሮ ማየት ይፈልጋሉ። መሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ዝርዝር ገና ሥራ ላይ ሳላችሁ አስጽፉና ማኅተም አስመቱበት። ከወጣችሁ በኋላ የሰው ኃይል ቢሮው ስልካችሁን አያነሳም።