ሩጫ፣ ፋይናልና ቅዳሜ

ስድስት ኪሎ ኢኮኖሚክስ ነው የምማረው፤ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። ጠዋት እሮጣለሁ። ቅዳሜ የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ደም እለግሳለሁ። ይሄን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ መቼ ነው የምታጠኚው?»

አጠናለሁ። ግሬዴም ደህና ነው፣ ሰቃይ ባልባልም። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። ለሁሉም ይሠራል አልልም። በተለይ ሥራ እየሠራ ለሚማር ሰው የኔ ነገር ቅንጦት ሊመስለው ይችላል፣ እውነቱንም ነው።

ብዙ ሰው «ፕሮግራም አውጪ» ይላል። ሰዓቱን ሸንሽኖ፣ በቀለም አስምሮ፣ አልጋ ራስጌ ላይ መለጠፍ። ዶርማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሞልቷል፤ ሴሚስተሩ ትንሽ ከገፋ በኋላ ግን ዞሮ የሚያየው የለም። እኔ ያሉኝ የማይነኩ ሰዓቶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የጠዋቱ ሩጫና የቅዳሜው ማስጠናት። ለምን እነሱ? ሰው ስለሚጠብቀኝ። ሩጫው በቡድን ነው፤ ከቀረሁ በር ላይ ቆመው ይደውላሉ። ልጆቹም ደብተራቸውን ዘርግተው በሩን በሩን ያያሉ። ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚን በቁጥርና በስታቲስቲክስ የምንለካበት ትምህርት) ግን ብዘገይበት አይቀየመኝም። ከሰዓት ብሄድም፣ ማታ ብሄድም እዚያው ነው። ስለዚህ የሚቀየሙትን አስቀድማለሁ፤ የቀረውን ሰዓት በሙሉ ትምህርቱ ይወስዳል። ቢደመር ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሰዓት የሚደርሰው ለሱ ነው።

የምንሮጠው ጃንሜዳ ነው፤ ከግቢያችን ቅርብ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገና ጨለማ ስለሆነ ማንም ብቻውን አይወጣም፣ በተለይ እኛ ሴቶቹ። ተጠራርተን ነው የምንሄደው። ስንደርስ ግን ሜዳው ቀድሞን ነቅቷል። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው የሚራመዱ አባቶች አሉ፣ የሰፈር ኳስ ቡድኖች አሉ፣ ከኛ በእጥፍ የሚፈጥኑ የክለብ አትሌቶች አሉ። እነሱ ከኋላ ሲመጡ ድምፃቸው ይሰማል፤ ዘወር ብሎ ማሳለፍ ነው እንጂ ልከተል ማለት አያዋጣም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ እዚያ ስለሚያድሩ በዚያ ሰሞን ቦታ እንቀይራለን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ደግሞ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ሜዳው የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ነበር፤ ተጸድቶ የተመለሰው ለ2013ቱ ጥምቀት ነው።

ይሄ አካባቢ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጡ ልጆች ፍሬሽ እያሉ የዶርም ደረጃ ሲወጡ እንኳ ያለከልካሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ጀማሪ ሰው በየቀኑ በፍጥነት ልሩጥ ካለ ብዙም አይቆይም። አሰልጣኝ የለንም፤ ግን የአንዷ ጓደኛችን ወንድም ድሮ ክለብ ውስጥ ሮጦ ያውቅ ነበርና አንድ ሕግ ሰጠን፦ በቀላል ቀን እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል።

ይሄ ሕግ ነው ትምህርቴን ያዳነልኝ። ማውራት ግዴታ ከሆነ ለምን ስለ ፈተናው አናወራም? ስለዚህ በቀላል ቀን እየተጠያየቅን ነው የምንዞረው። አንዷ «የፍላጎት ኢላስቲሲቲ ከአንድ ካነሰ ዋጋ ሲጨምር የሻጩ ገቢ ምን ይሆናል?» ትላለች፤ ዋጋ ሲጨምር ገዢው ብዙም ካልቀነሰ ማለቷ ነው። «ይጨምራል!» ይመጣል ከኋላ። «ምሳሌ?» «ጨው!» ትንፋሿ አጥሯት መመለስ ያቃታት ካለች ፍጥነት እንቀንሳለን። ትንፋሿ ደህና ሆኖ መልሱ የጠፋባት ደግሞ ማታ ላይብረሪ ትገባለች። አጠገባችን የሚራመዱ አንድ አባት አንድ ቀን አስቁመውን «ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ?» ብለው ጠይቀውናል። እየሮጠ ስለ ጨው የሚጮህ ሰው ቢያሳስባቸው አይፈረድባቸውም።

እሑድ ረዘም ያለውን እንሮጣለን። በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ ነው የምንወጣው፤ ላይኛው ከ3,000 ሜትር አይርቅም። አስፋልቱ ሽቅብ ብቻ ነው። እኛ ስንወጣ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፣ ጎንበስ ስለሚሉ መሬቱን እንጂ ፊታቸውን አያዩም። አንዳንዴ ቀና ሳይሉ «በርቱ ልጆቼ» ይሉናል። እነሱ እኛን! ከዚያ በኋላ ዳገቱ ከበደኝ ለማለት አፍ ይዞኛል።

ስለ ጥናቱ ብዙ የምለው የለኝም። ዶርም የቀደዳ ቦታ ነው፣ እዚያ አጠናለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም። የቀኑን ሃንድአውት ክፍል እንደወጣሁ፣ ምሳ ሳልበላ በፊት አንድ ጊዜ አነበዋለሁ። ማታ በጊዜ እተኛለሁ፤ ጠዋት የሚነሳ ሰው ምርጫ የለውም። ፋይናል ሲደርስ ሩጫውን ግማሽ አደርገዋለሁ እንጂ አላቆመውም። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው ሲሸመድዱ የሚያድሩትን አይቻለሁ፤ ፈተናው ላይ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ሌላው ተኝቷል።

ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ልጆቹ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከዚያ አካባቢ የሚመጡ ናቸው፤ ሚኒስትሪ ይጠብቃቸዋል። የሰፈሩ ሰዎች አንድ ክፍል ሰጥተውናል። በጎ አድራጎት ሲባል ብዙ ጊዜ ደብተር አከፋፍሎ፣ ልጆቹን አሰልፎ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ይሆናል። ደብተሩ አይጠላም፣ መስከረም ላይ እኛም እንሰበስባለን። ፎቶው ግን ደሜን ያፈላዋል። የልጅ ችግር የኔ ገጽ ማድመቂያ አይደለም። ከቡድናችን ማንም የልጆቹን ፊት አይለጥፍም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ከሁሉ በፊት የምንነግረው ይሄንን ነው።

አንድ ቀን ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ግማሹ ክፍል ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ። ሰሌዳው ላይ ክብ ሣልኩና «ይሄ እንጀራ ነው፣ እንዴት እንቁረሰው?» አልኩ። ፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ቤት እንጀራ ለስድስት ነው የሚቆረሰው።» ለካ ቤተሰቡ ስድስት ነው። በሉ ለስድስት እንቁረሰው አልን። ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፣ በድምሩ አምስት። ልጁ ሰሌዳውን ትንሽ አየና «እና የአንዱን ማን በላው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ስለ የጋራ ታህት ላወራ የተዘጋጀሁት ሁሉ አላስፈለገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴም እንዲህ አጠናለሁ፤ አንድን ነገር ለዚያ ልጅ ማስረዳት ካልቻልኩ አልገባኝም ማለት ነው። ለኢኮኖሜትሪክስ እንኳ ይሠራል፣ ብዙ እንጀራ ይፈጃል እንጂ።

አሁን ደም። ከሩጫ ጋር ማስታረቁ ሒሳብ ስለሚፈልግ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዴ ሲለገስ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ፈሳሹን ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል። ቀይ የደም ሴሎቹን ለመተካት ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ኦክስጅን የሚሸከሙት ደግሞ እነሱ ናቸው። አየሩ በሳሳበት ከተማ ይሄ ወዲያው ይታወቃል፤ ትናንት በቀላሉ የዞርሽው ሜዳ ዛሬ ዳገት ይሆናል። እና በለገስኩበት ቀንና በማግሥቱ አልሮጥም፣ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ሰዓት አልይዝም። እያወራሁ መሮጥ ብቻ።

ታላቁ ሩጫ ኅዳር ላይ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር። እሱ እንዳለፈ ሄጄ እለግሳለሁ። በሦስት ወሩ የሚቀጥለው የካቲት ላይ ይውላል፣ እዚያ ላይ ነገር ይወሳሰባል፤ የሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በዚያው ሰሞን ነው፣ ሁዳዴም ይገባል። ውድድሩን ላስቀድም ወይስ ደሙን? እኔ ደሙን አስቀድማለሁ። ዓላማዬ ከጓደኞቼ ጋር እየጨፈርኩ መጨረስ ስለሆነ በደቂቃዎች ብዘገይ የሚጎዳ የለም። ጾሙን በተመለከተ፣ ወሩ ከሞላልኝ ቅበላ ላይ እሰጣለሁ። ካልሞላ በጾሙ መሀል የቀኑን ጾም ፈትቼ፣ በደንብ በልቼና ውኃ ጠጥቼ ነው የምሄደው። በባዶ ሆድ ደም አይሰጥም።

ብረትም አለ። እኛ ምስር ወጥ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ ሻይ የምንጠይቅ ሰዎች ነን። ሻይና ቡና ምግቡ ላይ ወዲያው ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። አንድ ሰዓት ማቆየት በቂ ነው፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን ደግሞ ያግዛል። ቡናዬን ከምሳ ማራቅ ከሩጫው ሁሉ የከበደኝ ነገር ነው፣ አልዋሽም።

ሰው «ብዙ ለጋሽ ባለበት ሰሞን ለምን አያከማቹትም?» ይላል። ደም አይከማችም። ፕላትሌት የሚባለው ክፍሉ የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ነው፤ ቀይ ሴሉም በማቀዝቀዣ ቢበዛ ስድስት ሳምንት ነው። ከለጋሾች መሀል ብዙው ተማሪ ስለሆነ ክረምት ላይ ግቢ ሲዘጋ እጥረት ይመጣል። የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ነው፣ ልክ እኛ በፋይናል ቴንሽን ስንንቦቀቦቅ። የኔ የሰኔ ተራ ለዚህ ነው ወደ ሐምሌ የሚገፋው፤ ፈተናው ያልቃል፣ ሩጫውም በጭቃው ምክንያት ይቀንሳል፣ ደሙም በዚያ ሰዓት በጣም ይፈለጋል።

በመጪው ሴሚስተር የመመረቂያ ጽሑፍ አለብኝ። የእሑዱን እንጦጦ ሳልተወው አልቀርም፤ የቅዳሜውን ክፍል ግን ከአሁኑ ከአንዲት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጋር እየተጋራሁት ነው፣ እኔ ስወጣ ልጆቹ ከዜሮ እንዳይጀምሩ። ሌላ አስጠኚም እንፈልጋለን፣ በተለይ ለእንግሊዝኛ። መምጣት የምትፈልጉ ጠዋት ጃንሜዳ ስለ ጨው የሚጮኹ ልጆች ካያችሁ እኛ ነን። ከሩጫ በኋላ ፍርፍር አለ፣ ሒሳቡ ግን በየራስ ነው።