ቤንዚን አጠገባችን አስተኝተን

ሥራዬ የገጠር የውሃ ተቋማትን እየዞሩ መፈተሽ ነው። የእጅ ፓምፑ ይሠራል? የጎለበተው (በግንብ የታጠረው) ምንጭ ተሰንጥቋል? ቦኖው ውሃ አለው? ይህን ለማወቅ ቦታው ድረስ መሄድ ግድ ነው። እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማደሪያ አይገኝም። ስለዚህ የምንጓዝበት አይሱዙ ቤታችንም ነው። የጭነት ቦታው ላይ ጣውላ እናነጥፋለን፣ ፍራሽ እንዘረጋለን፣ ከላይ ሸራ እንወጥራለን።

ችግሩ ጓዙ ከወረደ በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች አንዲት ፓምፕ ለማየት ያን ሁሉ ዕቃ እንደገና መጫን ያታክታል። ወደ ምንጮቹ የሚወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የከብት መንገድ ነው፤ የጭነት መኪና አያስገባም።

ለዚህ ነው ትንሽ ሞተር ጭነን የምንሄደው። ያማሃ ኤጂ 100 ናት። በየገጠሩ የግብርና ባለሙያዎች ሲነዷት ሳታዩ አትቀሩም። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ስለሆነ ጭቃ አይገባበትም። ክብደቷ መቶ ኪሎ ገደማ ነው፤ ለሦስት ሆነን እናወርዳታለን። በአንድ ሊትር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድልኛለች። ወንዝ ሲያጋጥመን መጀመሪያ በእሷ ሄጄ መሻገሪያውን አያለሁ፣ መኪናው በኋላ ይመጣል። ይህችን ሞተር ከልቤ እወዳታለሁ። በእሷ የደረስኩባቸው መንደሮች በመኪና ቢሆን ኖሮ ከዝርዝሩ ላይ ስማቸውን ብቻ አንብቤ የማልፋቸው ነበሩ።

ያን ጊዜ ጥቅምት ነበር፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና እየሄድን ነው። መንገዱ በባሌ ተራሮች ያለውን የሳነቲን አምባ ያቋርጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሪራ፣ ከሪራ ሐረና ጫካ። ደጋውን ጠዋት ለቅቀህ ከሰዓት ቆላ ትገባለህ።

ጎባ ላይ የሞተሯን ቤንዚን የሞላሁት እኔ ነኝ። የ20 ሊትሩን ጄሪካንም እስከ አፉ ሞላሁት። ከሞላ አይናጥም ብዬ ነው። ሞተሯን በአንድ ጎን መቆሚያዋ አቁሜ፣ አዘንብላ እንዳለች ከመኪናው ጎን ጋር በገመድ አሰርኳት። የቤንዚን መዝጊያዋን ግን አልዘጋሁም። ትዝም አላለኝ።

ከጫካው ወጣ ብለን ማታ ስንቆም ዝናብ ጀመረ። ሞተሯን ጠዋት እናወርዳታለን ተባባልን። ሸራውን ከአራቱም ማዕዘን አወረድን፣ ፍራሾቹን ከአጠገቧ ዘረጋን። ረዳቱ ሽሮ ሊሠራ ቡታጋዙን ወደ ውስጥ አስገባ። ከእኔ ሌላ ሁለት ባልደረቦቼ ነበሩ። እያወራን ነው፤ የሸተተን ነገር የለም።

ሾፌራችን ጎማ ሊያይ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ሸራውን ገለጥ አደረገና ባለበት ቆመ። ረዳቱ ክብሪቱን ከቀፎው አውጥቷል።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትጭረው» አለው። አልጮኸም። «አስቀምጠው። ሁላችሁም ውረዱ።»

«ምነው ጋሼ?» አልኩት።

«ውረድ አልኩህ እኮ።»

ዝናቡ ላይ ቆመን ሸራውን በሙሉ ገፈፈው። በባትሪ ስናይ ከሞተሯ ሥር ያለው ጣውላ ጠቁሯል። የፍራሼ ጫፍ ርሷል። አዘንብላ እንደታሰረች መንገዱ ቀኑን ሙሉ ሲያንገጫግጫት፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሯ ቤንዚኑን መያዝ አቅቶት በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ ሲያንጠባጥብ ውሏል። መዝጊያው ክፍት ስለሆነ ከታንከሩ እየተተካለት ነው። የጄሪካኑም ክዳን ዙሪያውን በቤንዚን ረጥቦ ነበር። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ በአንድ ዲግሪ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ። በጎባ ብርድ እስከ አፉ የሞላ 20 ሊትር፣ ቆላ ወርዶ 20 ዲግሪ ቢጨምር 400 ሚሊ ሊትር ያህል ትርፍ ይኖረዋል። መሄጃ የለውም።

እኛ ያልሸተተን ውስጡ ስለዋልን ነው። አፍንጫ ይለምዳል። ሾፌሩ ንጹሕ አየር ስቦ መጣ፣ ወዲያው ሸተተው።

ቆይቶ የገባኝ ሌላ ነገር አለ። እኛ የናፍጣ ሰዎች ነን። መኪናችን ናፍጣ ነው፣ እጃችን ናፍጣ ይሸታል፣ አንፈራውም። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ትነቱ በክብሪት አይያያዝም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። እኛም ወለል ላይ ነበር የምንተኛው። ሞተሯን ስንጭን ይህን አብረን መጫናችንን ማናችንም አላሰብንም።

ያን ሌሊት ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን አደርን። ሽሮ አልበላንም፤ ቆሎ ነበረን። ረዳቱ ብዙ ሰዓት ዝም አለ። እኔም ሊነጋጋ ሲል ሾፌሩን «መዝጊያውን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አሁን ጭነት ከመጀመራችን በፊት መዝጊያውን እዘጋና ሞተሯን አስነሳታለሁ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሳ ራሷ እስክትጠፋ እጠብቃለሁ። በጎን መቆሚያዋ አናቆማትም። ቀጥ አድርገን፣ ከመሪዋ ግራና ቀኝ ወደ ታች ስበን እናስራታለን፤ የፊት ሞላዋ ግማሽ ያህል እስኪገባ ድረስ። ጄሪካኑ አንድ ጋት ጎደል ይላል፤ የሚሞላው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው፤ የሚጓዘው ከሸራው ውጭ፣ ጥላ ባለበት በኩል ነው። ማታ ስንቆም ዝናብም ይዝነብ፣ ድካምም ይኑር፣ ፍራሽ ሳይዘረጋ ሞተሯ ትወርዳለች። ምግብ የሚሠራው ውጭ ነው።

ባለፈው ጉዞ አንድ አዲስ ባልደረባ መጥቶ ነበር። ሲመሽ ዝናብ ጣለና «ዛሬ እንኳ ሞተሯ እዚሁ ትደር» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ረዳቱ ገመዱን መፍታት ጀምሯል። «ያዝልኝ በዚያ በኩል» አለው። አወረዷት።