የእማዬ ማሽንና የእኔ ፋይል

እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ስለ ኦክስጅኑ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ሲያስፈልጋት ሰኩላት፣ ተነፈሰች፣ ስትወጣ ሂሳቡ ውስጥ ገባ፣ ኢንሹራንሱም ከፈለ። ጣጣው የመጣው «አሁን ቤቷ ትሂድ» ሲባል ነው። ያው ኦክስጅን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ሲደርስ ሕክምና መሆኑ ቀረና ዕቃ ሆነ። ለዕቃ ደግሞ ፕሮፎርማ ያስፈልጋል።

ሳንባዋን የጎዳው ጭስ ነው። እኛን ያሳደገችን እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው። በእንጨት፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ቁጭ ብላ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ያለ ኦክስጅን ስትለካ ጣቷ ላይ የምትደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ 86 በመቶ ታሳያለች። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በእረፍት ላይ 88 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው ቤቱ ኦክስጅን ይታዘዝለታል፤ ያውም በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት። ለእሷ በደቂቃ 2 ሊትር ታዘዘላት።

ማሽኑ ኮንሰንትሬተር ይባላል። ኦክስጅን ከየትም አያመጣም፤ የክፍሉን አየር ስቦ ያጣራል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀርና በቱቦው የሚወጣው ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይሆናል። እንደ ሲሊንደር አስሞሉልኝ አይልም። መብራት እስካለ ድረስ አያልቅም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ የእኛን ሰፈር መብራት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ማሽኑን የተከራየነው ነው፤ አከራዩ ድርጅት አዲስ አበባ ነው፣ ድሬ ላይ ወኪል አለው። ወኪሉ ክፉ ልጅ አይደለም። «አቦ አትጨናነቂ፣ እኛ አለንልሽ» አለኝ። ድሬ አንቱታ አያበዛም፣ ደስ ይለኛል። ግን «አለንልሽ» የሚለው ውሉ ላይ የለም። ውሉ ላይ ያለው መያዣው፣ የወሩ ቅድሚያ ክፍያና «በተከራይ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተከራይ ይከፍላል» የሚለው ነው። በማንም ጥፋት ሳይሆን ዝም ብሎ ቢቆምስ? ባዶ። «ትደውያለሽ፣ እንመጣለን» አለ። እስክሪብቶ ተውሼ ከግርጌ ጻፍኩበት፤ ማሽኑ ሲበላሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ሌላ እንዲያመጡ፣ ቆሞ የዋለበት ቀንም ከኪራዩ እንዲቀነስ። ሳቀብኝ፣ ፈረመ። ማህተሙ ግን አዲስ አበባ ነው አለኝ።

ሌላም ነገር አለው ውሉ፤ ማሽኑን ከከተማ ውጭ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሐረር የእህቷ ልጅ ለምትዳርላት ሴት ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ደግሞ ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ይሳሳል። ያለ ማሽን በመንገዱ ያለውን የደንገጎን ዳገት ውጪ ማለት አይቻልም። ሠርጉን በስልክ ቪዲዮ አየችው። እስክስታ የሚወርዱትን ሳይሆን ማድ ቤቱን አሳዩኝ እያለች ስታስቸግራቸው ዋለች።

ኢንሹራንሱ በመሥሪያ ቤቴ በኩል የተገባ ነው፤ ለወላጅም ከደሞዜ ይቆረጣል። ቅርንጫፉ ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ አለኝ። ድሬ ላይ እንኳን ሦስት፣ ሁለተኛ አከራይ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አስላክሁ፤ የመጡት የሽያጭ ዋጋ ናቸው። ቀጥሎ የሐኪሙ ደብዳቤ ተመለሰ። «ኦክስጅን ያስፈልጋታል» ይላል፤ ስንት ሊትር፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ወር፣ መለኪያው ስንት አሳየ? ይሄስ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አልከፋኝም። እንደ እኔ ዓይነት ጣጣ ያለበት ሰው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ሐኪሙን አራቱንም ቢያስጽፍ ከብዙ ምልልስ ይድናል። ተጽፎ ሲመጣ ግን «የሐኪሙ ቲተር ብቻ ነው ያለው፣ የሆስፒታሉ ክብ ማህተም የለም» ተባልኩ። ማህተም ያዧ ስልጠና ላይ ናት። ጠበቅናት።

ከዚያ ደረሰኙ። ወኪሉ የሚቆርጠው የእጅ ደረሰኝ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚቀበለው የካሽ ሬጂስተር፣ ቲን ቁጥር ያለበት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልኝ። በእኔ ስም ተቆርጧል። ታካሚዋ እማዬ ናት። ተመልሶ ሄደ።

መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ጨዋ ናት። አንድ ቀን ወረፋ ሲቀል ጠየቅኳት።

«ተመልሳ ብትተኛ ትከፍላላችሁ?»

«አዎ፣ ተኝቶ ሕክምና ይሸፈናል።»

«አልጋውንም፣ ኦክስጅኑንም?»

«ሁሉንም፣ እስከ ክፍያው ጣሪያ።»

«የሆስፒታሉ የጥቂት ቀን ሂሳብ ከዚህ ማሽን የወር ኪራይ ይበልጣል እኮ።»

ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች። «እህቴ፣ እሱን ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፊው» አለች። እውነቷን ነው፤ የምትጫነው ቁልፍ ላይ «ቤት» የሚል የለም። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ የጤና መድን ደብተሩን ለምን አትሞክሪም አሉኝ። ማህበረሰብ አቀፉም ቢሆን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ውስጥ ለሚሰጥ ሕክምና ነው። ሁሉም ቦታ ሕመምተኛው በራቸው ሲገባ ያውቁታል፤ ከወጣ ድኗል ማለት ነው መሰል።

ቤት ውስጥ ያለውን ማን ይቁጠረው? ማሽኑ 350 ዋት ገደማ ይበላል። ቀንና ሌሊት ሲሠራ ከ8 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ የካርድ ቆጣሪያችን እንደ በረዶ ይቀልጣል። ለዚህ ደረሰኝ ልቁረጥ ብል ክሌም ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። ስታብላይዘሩን በራሴ ገዛሁ። መብራት ሲሄድ የምንቀይርበት 10 ሊትር ሲሊንደርም በራሴ ነው፤ ኦክስጅኑ ታምቆ ስለሚሞላ፣ ሙሉ ከሆነ በደቂቃ 2 ሊትር 12 ሰዓት ያህል ይዞን ይሄዳል። ውሃው አለ ደግሞ። ኦክስጅኑ አፍንጫ እንዳያደርቅ የሚያልፍበት ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። የድሬን የቧንቧ ውሃ ብታደርጉበት ጀበናችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት እዚያም ይጋገራል።

ከሁሉ የከበደው ቡናው ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይደርስም፤ ከሰል የለ፣ እጣን የለ። «ጭሱ ነው እንጂ ቡናው ምን አደረገሽ» ብትሏትም ያለ ረከቦት ቡና አይደለም ትላለች። ረጅም ቱቦ ገዛንላት። ከሰሉ ግቢው ጥግ፣ እሷ በረንዳው ላይ፣ ማሽኑ መጋረጃ እንዳይሸፍነው ከግድግዳ ራቅ ብሎ ሳሎን ውስጥ። ከሩቅ ሆና «አረፋው ወረደ፣ አንሺው!» እያለች ታዛለች።

በግንቦት ሙቀት ማሽኑ ቢጫ መብራት አበራ። ቢጫው የሚወጣው ኦክስጅን ንጹህነቱ ቀነሰ ማለት ነው። ማጣሪያውን አጠብኩ፣ አልጠፋም። ወኪሉ «መብራቱ ብቻ ነው አቦ፣ ይሠራል» አለ። የጣቷ መለኪያ ግን 84 ይላል። ወደ ሲሊንደሩ አዞርኳትና ውሉ ግርጌ ላይ የጻፍኩትን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ነው አነጋገሩ የተለወጠው። ሌላ ማሽን አመጡ፣ ከ24 ሰዓት ትንሽ ዘግይተውም ቢሆን። የቆመበትን ቀን ግን ሳይቀንሱ ሙሉ ኪራይ ጠየቁ። ተከራከርን። «ለአንድ ሁለት ቀን ብለሽ?» አለኝ። አዎ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ብዬ። ቀነሱት።

ኢንሹራንሱ በመጨረሻ የኪራዩን ከፊል በተመላላሽ ሕክምና ጣሪያ ውስጥ አስገብቶ ከፈለ። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃል። የኢንሹራንሱ ውል የሚታደሰው ሐምሌ ላይ ስለሆነ ለሰው ኃይል ክፍላችን አንድ ገጽ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ የተኝቶና የቤት ሂሳቡን ጎን ለጎን አድርጌ፣ በሐኪም የታዘዘ የቤት ኦክስጅን በተኝቶ ሕክምና ጣሪያ ይታይ ብዬ። ኃላፊው «ሌላ ሠራተኛ እንደዚህ ያለበት አለ?» አለኝ። ጠይቄ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው ከሂሳብ ክፍል ነው፣ አባቱ ናቸው። ነገ ከሻይ በኋላ ሦስታችንም አብረን እንገባለን።