«አልታየም»

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ስሠራ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘውን የ12 ዓመት ልጅ ሰገራ እንደተለመደው በሳላይን (በጨው ውሃ) በጥብጬ በማይክሮስኮፕ አየሁና «ኦቫም ፓራሳይትም አልታየም»፣ ማለትም የትል እንቁላልም ሌላ ጥገኛ ተሕዋስም የለም ብዬ ፈረምኩ። የአሜባ መድኃኒት የሆነው ሜትሮኒዳዞል ታዘዘለት። በአሥረኛው ቀን እናቱ ያንኑ ወረቀት ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ ልጅ ከብት ይዞ ቦርከና ነው የሚውለው፤ ወንዙን አይተህለታል?»

ሰልፉ ረጅም ነበርና «እማማ፣ እኔ የማየው ሰገራ እንጂ ወንዝ አይደለም» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ «አብሽር፣ እንግዲያ እንደገና እየው» ብለው ሰገራ የያዘውን ዕቃ አቀበሉኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ መልሴ ነው፤ የቢልሃርዝያ ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ እንደሚገባ ለፈተና ሸምድጄ ያለፍኩ ሰው ነኝና።

በሳላይን የምናየው 2 ሚሊግራም ገደማ ሰገራ ሲሆን፣ ሰገራውን አጥልሎ በተለካ ቀዳዳ በሚሰፍረው የካቶ-ካትዝ ዘዴ ግን 41.7 ሚሊግራም ይታያል። የዚህ ዘዴ ዕቃ፣ ኪቱ፣ ነበረን፤ ሆኖም «የዘመቻ ዕቃ ለተመላላሽ ታካሚ አይነካም» በሚሉ ኃላፊ ትእዛዝ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ዘመቻው መቼ እንደሚመጣ ግን እሳቸውም አያውቁም። ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ቁልፉ የሚቀመጥበትንም ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ከፈትኩት። ሰገራውን በወንፊቱ አጥልዬ፣ የቀዳዳውን ልክ ሞልቼ፣ አረንጓዴውን ሴሎፎን አልብሼ ተጭኜ ጠበቅሁ። ከጎኑ እሾህ ያወጣው ሞላላ የቢልሃርዝያ እንቁላል ገና በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ስጨርስ ስድስት ሆኑ፤ ወደ አንድ ግራም ለመቀየር በ24 ሲባዛ በግራም 144፣ መካከለኛ የሚባል መጠን ነው።

ልጁ 30 ኪሎ ስለነበር የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሆነው ባለ 600 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል ሁለት ፍሬ ተሰጠው። እናቱ ተመልሰው መጡ።

«ከዋጠ በኋላ ወንዝ ቢገባ አይዘውም?»

«ይይዘዋል እማማ። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ አዲሱን አይከለክልም።»

«ታዲያ ከብቱን የት ያጠጣልኝ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ቀጣዩን ተራ ጠራሁ።

በሳምንቱ፣ ያለ ፈቃድ ስለተከፈተው ኪት የጽሑፍ ማብራሪያ እንዳቀርብ ታዘዝኩና አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። መዝገቡ ላይ በፊርማዬ ስለሰፈረው የመጀመሪያው «አልታየም» ግን የጠየቀኝ ሰው የለም።